የገጠር ጎጆና የባላባት እልፍኝ፦ ስለ አሠራሩና ስለ ታሪኩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ ደጋ፣ በርስት መሬት ላይ ሲሠሩ ስለኖሩ የሣር ክዳን ቤቶች ከቀላሉ ጥያቄ ወደ ከባዱ።

ጎጆ፣ ሰቀላ፣ እልፍኝና አዳራሽ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጎጆና ሰቀላ የቤቱን ቅርፅ ይናገራሉ፤ እልፍኝና አዳራሽ ደግሞ ቤቱ ምን እንደሚሠራበት። ጎጆ ክብ ነው፤ ጣሪያውም እንደ ሙዳይ ክዳን ወደ አንድ ጫፍ ይሾላል። ሰቀላ ማዕዘን ያለው፣ ረዘም ያለ፣ ጣሪያው ወደ ሁለት ወገን የሚወርድ ቤት ነው። ስለዚህ እልፍኙ ጎጆም ሰቀላም ሊሆን ይችላል።

እልፍኝ የባለቤቱ የግል ቤት ነው፤ ይተኛበታል፣ የቅርብ ሰው ያነጋግርበታል። በቤተ መንግሥት ሥርዓት እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹም መኖሩ ቦታው ምን ያህል የተከለለ እንደነበር ያሳያል፤ ያለ ፈቃድ የሚገባበት አልነበረም። አዳራሽ ግን ለሰው ብዛት የሚሠራ ነው፤ ግብር የሚበላበት፣ ዳኝነት የሚታይበት።

በአንድ ባላባት ግቢ ውስጥ ምን ምን ቤት ነበር? ማንስ ይሠራው ነበር?

ግቢው አንድ ትልቅ ቤት ሳይሆን የብዙ ትናንሽ ቤቶች ስብስብ ነው። እልፍኝና አዳራሽ መሀል ላይ ይሆናሉ፤ ማድ ቤትና ጠላ ወይም ጠጅ የሚጣልበት ቤት ወደ ጓሮ፤ ጎተራ፣ በረትና የበቅሎ ጋጣ ወደ አጥሩ። እያንዳንዱን ቤት ለብቻ መሥራት ምክንያት አለው። የሣር ክዳን ስፋቱ ሲጨምር ጣሪያው ከልክ በላይ ከፍ ይላል፤ እሳት ቢነሣም አንዱ ተቃጥሎ ሌላው ይተርፋል።

ሥራውን በተመለከተ ሁለት ነገር አይምታታ። ርስት በዘር ሐረግ ከአቅኚ አባት የሚወረስ መሬት ነው፤ ባለርስቱ ቤቱን ከዘመድና ከጎረቤት ጋር በደቦ ይሠራል፤ ምግብና ጠላ ያቀርባል፤ ተራው ሲደርስ እሱም ለሌላው ይሄዳል። ጉልት ደግሞ ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ባለጉልቱ ከእህልና ከማር በተጨማሪ ጉልበት ይቀበል ነበር፤ ገበሬው ሁዳዱን (የባለጉልቱን የግል እርሻ) ያርሳል፣ አጥሩን ያጥራል፣ ቤቱን ይሠራል፣ ይከድናል። ዛሬ በአድናቆት የምናየው ትልቅ አዳራሽ ክፍያ ያላገኘ የብዙ ሰው ጉልበት አለበት፤ ታሪኩ ሲነገር ይህ መዘለል የለበትም። ጉልት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ።

ጎጆ ክብ የሆነው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ የዕቃ ቁጠባ ነው፤ በእኩል የግድግዳ ርዝመት ከሁሉ ቅርፅ የሚበልጥ ወለል የሚሰጠው ክብ ነው። ሁለተኛ የነፋስ ነገር ነው፤ ደጋ ላይ ነፋስ የሚመታው ሰፊ ገጽ ስለሌለው ዞሮት ያልፋል።

ዋናው ምክንያት ግን ጣሪያው ላይ ነው። ወጋግራዎቹ (አንዳንድ አናጢ ወራጅ ይላቸዋል) ከአናት ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሲወርዱ፣ ክብደቱ እግራቸውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ዙሪያውን የሚታሰሩት የማገር ቀለበቶች ደግሞ እንደ በርሜል ብረት ጠፍንገው ይይዟቸዋል። ማገሩ በደንብ ከታሰረ ጣሪያው ራሱን ችሎ ይቆማል፤ በትንንሽ ጎጆዎች ክዳኑ ካለቀ በኋላ የመሀል ምሰሶው የሚነቀልበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው። አንድ ቀለበት ሲላላ ደግሞ ግድግዳው ወደ ውጭ መገፋት ይጀምራል። ሰዎች ግድግዳው ዘመመ ሲሉ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ከላይ፣ ከማገሩ ዘንድ ነው።

ሁሉም የደጋ ቤት በጭቃና በእንጨት ነው የሚሠራው?

አይደለም፤ ድንጋይ ባለበት በድንጋይ ይሠራል። በላሊበላ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ያሉት የላስታ ቤቶች ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብና የሣር ክዳን ያላቸው ናቸው፤ ወደ ላይኛው ደርብ የሚወጣው በውጭ በኩል ባለ የድንጋይ ደረጃ ነው። በትግራይ ያለው ህድሞ ደግሞ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋና አፈር የለበሰ ነው፤ ዝናብ በሚበዛበት የጎጃም ደጋ ያ ጣሪያ አያዛልቅም።

በጭቃና በእንጨት የሚሠራ ቤት የድሀ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ማየት የሚፈልግ እንጦጦ ይውጣ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑባት ከእንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለው ቤተ መንግሥታቸው የተሠራው በዚያው በአገሬው ዕቃና ዘዴ ነው፤ ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ ነው የነጣው።

መካከለኛ ጎጆ ለመሥራት ምን ያህል ዕቃ ይበቃል?

ወገቡ (ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በመሀሉ ሲለካ) 5 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 2 ሜትር የሆነ ጎጆ እንውሰድ። ዙሪያው 15.7 ሜትር ይሆናል፤ 1 ሜትር ለበር ሲቀነስ 14.7 ሜትር ግድግዳ ይቀራል። ቋሚዎቹ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከተተከሉ 60 ያህል ቋሚ ይፈልጋል። የቋሚው ርዝመት 2.60 ሜትር ይሁን፤ 60 ሳንቲ ሜትሩ መሬት ይገባል።

የጣሪያው ቁልቁለት 45 ዲግሪ ከሆነ ጫፉ ከግድግዳው አናት 2.50 ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ የመሀል ምሰሶው ከወለል 4.50 ሜትር፣ የሚቀበረው 80 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር 5.30 ሜትር ነው። ክፈፉ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ ከተደረገ ወጋግራው 4.40 ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ ለማሰሪያ ጥቂት ጨምሮ መቁረጥ ነው። የሚከደነው ስፋት 43 ካሬ ሜትር ያህል ይወጣል፤ ክዳኑ 25 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ ወደ 11 ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ ሣር ነው። ሜዳ ላይ ልል ሆኖ የተከመረ ሣር ሲታሰር ስለሚያንስ ክምሩን አይቶ ይበቃል ማለት ብዙ ሰው ያሳስታል። ለግድግዳው፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የእንጨቱን ቦታ ሳይቀንሱ 4.4 ሜትር ኩብ ጭቃ ያስፈልጋል።

ለቋሚና ለምሰሶ የሚሻለው የትኛው እንጨት ነው?

ጽድና ወይራ። ሁለቱም መሬት ውስጥ ተቀብረው ብስባሽንና ምስጥን ይቋቋማሉ፤ ግን ይህን የሚያደርገው የእንጨቱ ልብ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ይበላል። ስለዚህ ቀጭን የጽድ ቅርንጫፍ ከወፍራም ጽድ የተጠረበን ቋሚ አይተካም። ዋንዛ ለበርና ለመስኮት ነው፤ ለመጥረብ ይመቻል፣ እምብዛም አይጣመምም።

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚሠራው በባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የገጠሩን ቤት የለወጠውን ያህል የለወጠው ዛፍ የለም፤ ቀጥ ብሎ፣ ቶሎ ያድጋል። ጉድለቱ መሬት ውስጥ ቶሎ መበስበሱ ነው። ዕድሜው እንዲረዝም በበጋ ይቆረጥ፤ ወዲያው ይላጥ፤ ጥላ ውስጥ፣ መሬት ሳይነካ ተደራርቦ ቢያንስ ሁለት ወር ይድረቅ። ከዚያ የሚቀበረው ክፍልና ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር ያህል፣ ላዩ እስኪጠቁር በእሳት ይለብለብ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይጠጣ። ያ አንድ ስንዝር እንዳይረሳ፤ ቋሚ የሚበሰብሰው ከጉድጓዱ ሥር ሳይሆን አየርና እርጥበት ከሚገናኙበት፣ ከመሬቱ አፍ ላይ ነው።

ሥራው በየትኛው ወር ይጀመር? ቅደም ተከተሉስ?

ክረምቱ ወጥቶ አዝመራ ሲሰበሰብ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሣሩ ይደርቃል፣ ጭድ ይገኛል፣ ሰዉም ለደቦ ጊዜ አለው። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ግድግዳው ሁለተኛውን ልስን ለብሶ መድረቅ አለበት።

ቦታው ትንሽ ጉብ ያለ ይመረጥ፤ በሩም የክረምት ዝናብ ከሚያዘነብልበት አቅጣጫ ይሽሽ። መሀሉ ላይ ካስማ ተተክሎ በ2.50 ሜትር ገመድ ክቡ ይሰመራል። በመስመሩ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ይቆፈራል፤ ቋሚዎቹ ይተከሉና ዙሪያቸው በድንጋይና በጠጠር ይጠቀጠቃል። ቀጥሎ የግድግዳው ማገር በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከውስጥም ከውጭም ይታሰራል፤ በልጥ፣ በሐረግ ወይም በገመድ። ምስማር ፍጥነት አለው፤ ግን ቀጭን እንጨት ይሰነጥቃል፣ ጣሪያው በነፋስ ሲወዛወዝም ይላላል። ለቀለበቶቹ ማሰሪያ ይሻላል።

ከዚያ ምሰሶ፣ ወጋግራ፣ የጣሪያ ማገር፣ ክዳን። ጭቃው የሚመጣው ከክዳን በኋላ ነው! መጀመሪያ ቤቱ ባርኔጣውን ይልበስ። ያለ ክዳን የተመረገ ግድግዳ አንድ የበልግ ዶፍ ካገኘው የሳምንት ሥራ ታጥቦ ይሄዳል፤ ፀሐይም በአንድ ወገን ቶሎ ስለምታደርቀው ይሰነጠቃል።

የተመረገው ጭቃ ለምን ይሰነጠቃል?

አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ነው። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ለግድግዳ አይሆንም። ቀይ አፈር ይሻላል፤ እሱም በጣም የሚያጣብቅ ከሆነ አሸዋ ይጨመርለት። ለመፈተን ከተቦካው ጭቃ የእንጀራ ምጣድ የሚያህል፣ ሁለት ጣት የወፈረ ቂጣ ሠርቶ ጥላ ውስጥ ለሦስት ቀን ማድረቅ ነው። ከዳር እስከ ዳር ከተሰነጠቀ አሸዋና ጭድ ይጨመር፤ በጣት ሲሹት ከተፈረፈረ ደግሞ አሸዋው በዝቷል።

ሁለተኛው ምክንያት መቸኮል ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ተረግጦ፣ ተሸፍኖ ቢያንስ አንድ ሳምንት መብላላት አለበት፤ በየሁለት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ እንደገና ይረገጣል። የበሰለ ጭቃ ሽታው ይለወጣል፣ ጭዱ ይለሰልሳል፣ እጅ ላይ እንደ ሊጥ ይሳባል። የጤፍ ጭድ የሚመረጠው ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ጭቃውን እንደ ክር ሰፍቶ ይይዘዋል። የገብስና የስንዴ ጭድም ይሆናል፤ ግን አጠር ተደርጎ ይከተፍ።

ሦስተኛው አንዴ በወፍራሙ መለጠፍ ነው። ምርጊቱ ገብቶ የማገሩን ክፍተት ይሙላ፤ ሳይለሰልስ ሻካራ ሆኖ ይተው፤ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስንጥቁ የሁለተኛው ልስን መያዣ ነው። ሁለተኛው ከአንድ ጣት የማይበልጥ፣ በወንፊት ከወረደ አፈር፣ ከደቀቀ ጭድና ከእበት የተሠራ ይሁን። ከመለሰኑ በፊት ግድግዳው ውሃ ይረጭበት፤ ደረቅ ግድግዳ የልስኑን ውሃ መጥጦ ያረግፈዋል።

ለክዳን የትኛው ሣር ይሻላል? ስንት ዓመትስ ይቆያል?

በወይና ደጋ ሰንበሌጥ፣ በውርጫማው ደጋ ጓሳ። የሁለቱም አገዳ ረዘም ብሎ ጠንካራ ነው፤ ውሃው ላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይሰርግም። ለከብት የሚሆን ለስላሳ ሣር ለክዳን አይሆንም፤ በአንድ ክረምት ይሻግታል።

ስለ ጓሳ ሲነሣ የመንዝን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ርስትና ቤት እንዴት እንደተሳሰሩ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም። መንዝ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር አልፎ የተዘረጋው የጓሳ ሜዳ ለዘመናት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። የመጠቀም መብት የነበራቸው ዘራቸውን ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከገራ የሚቆጥሩ ናቸው። ሜዳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይና በበጋ ለአጨዳ ይከፈታል፤ ሰዉ ለክዳኑና ለገመዱ የሚሆነውን አጭዶ ሲያበቃ ተመልሶ ይዘጋል። ይህ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ ኋላ ኅብረተሰቡ ራሱ በሌላ መልክ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል። ሣር ያለ ጠባቂ አይገኝም፤ ብዙ ቦታ የሣር ቤት የቀረው ባለሙያ ጠፍቶ ሳይሆን ሣሩ ታርሶና ተግጦ አልቆ ነው።

የክዳኑ ዕድሜ በሦስት ነገር ይወሰናል፦ በቁልቁለቱ፣ በውፍረቱና በአስተሳሰሩ። ቁልቁለቱ ከ45 ዲግሪ ካነሰ ውሃው ይዘገይና ይሰርጋል። ከ20 ሳንቲ ሜትር የሳሳ ክዳን በጥቂት ዓመት ውስጥ ያፈሳል፤ 25 እና 30 የደረሰ፣ በየጥቂት ዓመቱ ላዩን አዲስ ሣር እየለበሰ የሚሄድ ክዳን ግን ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። ሲከደን ከክፈፉ ተነሥቶ ወደ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዙር የታችኛውን ቢያንስ ግማሹን ይደርብ፤ ማሰሪያው በላይኛው ሣር ይሸፈን። ዝናብ የሚነካው ማሰሪያ ካለ ውሃ እሱን ተከትሎ ይገባል።

ውሃ በምሰሶው ላይ እየወረደ ይገባል፤ ምን ይሻላል?

ጉልላቱ ነው። ሾጣጣ ጣሪያ ሁሉ ደካማ ቦታው አናቱ ነው፤ ሣሩ እዚያ ጋ መደራረብ አይችልም፣ ተሰብስቦ ይታሰራል እንጂ። የጥንቱ መፍትሔ አናቱ ላይ ገንቦ ወይም ማሰሮ መድፋት ነው። ሸክላው ሲሰነጠቅ ከታች ሆኖ አይታይም፤ ስለዚህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ መሰላል አቁሞ ማየት ያስፈልጋል። ከመደፋቱ በፊት አናቱ በገመድ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰርና በጭቃና በጭድ ይደፈን፤ የገንቦው አፍ የታሰረውን ሣር ቢያንስ አንድ ስንዝር ይዋጥ።

ጭሱን ማስወገድ ቤቱን ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን የሰው ጤና ይቀድማል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ሣሩን ያደርቃል፤ ጥላሸቱም ወጋግራውንና ማገሩን ለብሶ ነቀዝንና ሻጋታን ይከላከላል። የቆየ ጎጆ ውስጥ ቀና ብሎ ያየ ሰው እንጨቱ እንደ ተወለወለ ጥቁር ሆኖ ሲያብረቀርቅ ያያል፤ ያ ነው። ባለቤቱ ከተማ ገብቶ እሳት ሳይነድበት ሁለት ክረምት ያሳለፈ ቤት ክዳኑ ቶሎ የሚወድቀውም ለዚህ ነው።

ይሁንና ያው ጭስ የእናቶችንና የሕፃናትን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ምግብ ማብሰል ወደ ማድ ቤት ይውጣ፤ እንጀራ ምርጥ በሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይጋገር። ለክዳኑ ደግሞ በክረምት በየሳምንቱ አንድ ሁለት ቀን፣ ቤተሰቡ ከሌለበት፣ ምድጃው ላይ ደረቅ እንጨት ለጥቂት ሰዓት ማንደድና ጠባቂ ሳይለየው ማጠን ይበቃል።

የእሳት አደጋን እንዴት መቀነስ ይቻላል?

ምድጃው መሀል ላይ፣ ከግድግዳና ከቆጥ ራቅ ብሎ ይሁን፤ ከላዩ የሚንጠለጠል ጭድ፣ ጆንያ ወይም ልብስ አይኑር። የመብራት ሽቦ ካለ በቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ ሣር አይንካ። የሶላር ሰሌዳም ክዳኑ ላይ አይጫን፤ ግቢ ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ይሰቀል።

የሣሩን ክዳን በቆርቆሮ ልለውጠው?

ሰቀላ ከሆነ ይቻላል፤ ክብ ጎጆ ከሆነ አይመከርም። ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ሾጣጣ ጣሪያ ላይ ለማስተኛት በሦስት ማዕዘን መቆረጥ አለበት፤ ብዙው ይባክናል፣ በየመገጣጠሚያው ያፈሳል። ቆርቆሮ በተስፋፋበት ቦታ ሁሉ ጎጆው ቀርቶ ባለ ማዕዘን ቤት የበዛው በዚህ ነው። ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ዕቃ ወደ መሀል አገር መግባት ቀለለ፤ ቆርቆሮ በመጀመሪያ የባለሥልጣንና የነጋዴ ምልክት ሆኖ ኖረና ቀስ በቀስ ገበሬው ቤት ደረሰ።

ለሰቀላ የሚለወጥ ከሆነ ልብ የሚባሉ ነገሮች አሉ። የጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 28 ከ35 ይጠነክራል። ሣሩ በክብደቱ ጣሪያውን ይጫነው ነበር፤ ቆርቆሮ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ከክፈፉ ሥር ገብቶ ያነሣዋል። ስለዚህ ወራጆቹ ከግድግዳው አናት ጋር በሽቦ ጠብቀው ይታሰሩ። ምስማሩ ጎማ ኖሮት በሞገዱ ጀርባ ላይ ይመታ፤ ሸለቆው ላይ የተመታ ምስማር ውሃ ያስገባል። ጎን ለጎን አንድ ሞገድ ተኩል፣ ላይና ታች 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ። ሌሊት ቆርቆሮው ሥር ጤዛ ይቋጥራል፣ ቀን ይግላል፣ ዝናብ ሲመታው ያስተጋባል፤ ኮርኒስ ከሌለው በሣር ክዳን የለመደ ቤተሰብ ይቸገራል።

ግድግዳውን በሲሚንቶ ብለስነው አይጠነክርም?

አይጠነክርም፤ ይበሰብሳል። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ትንሽ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ጥቂት ቆይቶ ይላቀቅና መሀላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በጭቃ ልስን በኩል ይተን የነበረው አሁን መውጫ ያጣል፤ ቋሚው ውስጥ ውስጡን እርጥብ ሆኖ ይኖራል። ከውጭ ሲታይ ቤቱ ያማረ ነው፤ በእጅ ሲያንኳኩት ግን ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ አንድ ቀን ልስኑ እንደ ገበታ ተገንጥሎ ይወድቃል።

ጥንካሬ የሚፈለግ ከሆነ ውጭውን በኖራ መቀባት ነው። ኖራው ቀድሞ ውሃ ውስጥ ገብቶ መሞት አለበት፤ ሲገባ ስለሚፈላና ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ይደረግ፤ ልጆች አይጠጉ። ለግድግዳው ግርጌ ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ መደብ በውጭ በኩል ዙሪያውን ቢሠራ ከክፈፉ ወርዶ የሚረጨውን ውሃ ይመክታል። መደቡ ወደ ውጭ ዘንበል ይበል፤ ከእሱ አለፍ ብሎ የውሃ ቦይ ይቆፈር።

የበሰበሰ ቋሚ ቤቱ ሳይፈርስ መቀየር ይቻላል?

ይቻላል፤ አንድ በአንድ ከሆነ። መጀመሪያ የትኛው እንደተበላ ይለይ። በመሬቱ አፍ ላይ ጭቃው በጥቂቱ ተነሥቶ ቋሚው በቢላ ጫፍ ይወጋ፤ ቢላው ሁለት ጣት ከገባ እንጨቱ ሞቷል። የምስጥ የጭቃ መስመር ግድግዳው ላይ ከታየ ጎንና ጎኑ ያሉትም ይፈተሹ።

ቀጥሎ በዚያ አካባቢ ያለው ጣሪያ በሁለት ባላ ይደገፍ። ባላው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጥ፤ ያለዚያ ራሱ መሬት ይሰምጣል። ከቋሚው ግራና ቀኝ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭቃ ይነሣ፤ ማሰሪያው ይፈታ፤ አሮጌው ይውጣ። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ስብርባሪ ሁሉ ተለቅሞ ይቃጠል፤ ምስጥ የሚመለሰው በእሱ ነው። አዲሱ ይተከል፣ በጠጠር ይጠቅጠቅ፣ ከማገሩ ጋር ይታሰር፤ ባላው የሚነሣው ጭቃው ከደረቀ በኋላ ነው። ሌላም የሚቀየር ካለ ጎረቤቱን ትቶ ከሌላው ወገን ይቀጠል። በዚህ ሥራ ቤት የሚወድቀው ጊዜ ለመቆጠብ ሦስት አራት ቋሚ በአንድ ላይ ሲነቀል ነው።

የመሀል ምሰሶ ከሆነ ለጀማሪ አይሰጥም። አራት ድጋፍ በአራት ማዕዘን ቆሞ፣ ወጋግራዎቹ አናት ላይ እንደገና ጠብቀው ታስረው፣ በበጋና ነፋስ በሌለበት ቀን ይሠራል።

የአያቴ ርስት ላይ ያለው አሮጌ ቤት የእኔ ነው? ማደስስ እችላለሁ? ያለሁት ውጭ አገር ነው።

ቤቱና መሬቱ ተለይተው ይታዩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰውን ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ፣ እንዳይበልጥ ወሰነ። ርስት በዚያን ቀን ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ በጉልበትና በገንዘብ የተሠራው ቤት ግን የባለቤቱ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ዛሬ የሚጠየቀው የአያት ርስት ደብዳቤ ሳይሆን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በማን ስም እንዳለ ነው።

ደርግ በ1970ዎቹ መጨረሻ ባካሄደው መንደር ምሥረታ ብዙ ገበሬ ጎጆውን አፍርሶ በመስመር በተተከለ መንደር እንደገና ሠርቷል። አያቴ የሠሩት የሚባለው ቤት በዚያን ጊዜ በሌላ ቦታ የቆመ ሊሆን ይችላል፤ በአካባቢው ያሉ ሽማግሌዎችን ቀድሞ መጠየቅ ከብዙ ክርክር ያድናል። ይዞታን ትቶ ረጅም ዓመት መሄድ በክልል ሕግ መብት ሊያሳጣ ስለሚችል፣ እዚያው የሚኖረው ዘመድ በምን መብት እንደሚጠቀም ከቀበሌው የመሬት አስተዳደር ጋር በጽሑፍ ይጣራ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ መጠገንን ይከለክላል፤ ክዳን መለወጥም በዚያ ውስጥ ነው።

ከሩቅ ሆኖ ለማሳደስ ገንዘብ ከመላክ በፊት አራት ፎቶ ይጠየቅ፦ ጉልላቱ ከውጭ፣ ወጋግራው ከውስጥ ቀና ተብሎ፣ የቋሚዎቹ ግርጌ ጭቃው ተነሥቶ፣ በዝናብ ጊዜ ውሃው በግቢው ውስጥ የሚሄድበት መንገድ። ክፍያውም በሥራው ቅደም ተከተል ይከፈል፤ መጀመሪያ ለቦይና ለቋሚ፣ ቀጥሎ ለክዳን፣ በመጨረሻ ለልስን። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ ፎቶ ላይ የሚያምረው ልስን ይቀድምና ክዳኑ ለሚቀጥለው ዓመት ይተዋል፤ በክረምቱ ልስኑ ይታጠባል።